ያስተማርሁት ነገር ሲሻር

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ኮምፒዩተር ሲጻፍ እምብዛም አላየሁም። ስለዚህ «ይህ የአይሲቲ ሠልጣኞች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ወደ ስፖርቱ ዓምድ እንዳትሻገሩ አደራ እላለሁ። ነገሩ የጀመረው በኮምፒዩተር ይሁን እንጂ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ በአስተማሪነቱ በኩል ነው፤ ያውም ገና አስተማሪ ሳልባል።

እኔ የሰባታሚት ልጅ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ በ2014 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የአጎቴ ልጅ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ፍላሽ ሰጠኝ። ላፕቶፑ ባትሪው ስለ ሞተ ከሶኬት ሲነቀል ድርግም ይላል፤ መብራት ሲጠፋም እንዲሁ። ፍላሹ ውስጥ አንድ መጽሐፍና ወደ 40 የሚሆኑ የትምህርት ቪዲዮዎች ነበሩ። ሁሉም የሚያስተምሩት አንጉላር ጄኤስ ስለሚባል ነገር ነው። መርጬ አልጀመርሁትም፤ ሌላ ስላልነበረኝ ያገኘሁትን እንደ ዳዊት ደገምሁት። በኋላም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር፣ ያ ፍላሽ ቤተ መጻሕፍቴም አስተማሪዬም ሆኖ ቆየ።

አንጉላር ጄኤስ ምንድን ነው ለምትሉ በእኛው ሙያ ላስረዳ። የምንሞላውን የትምህርት ዕቅድ ቅጽ አስቡት። ዓላማ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ የመርጃ መሣሪያ፣ ግምገማ፤ ዓምዶቹ ተሰምረው ይመጣሉ፤ እኛ ውስጡን እንሞላለን። ቅጹ የሚያግዘንን ያህል ያስገድደናልም። የድረ ገጽ ሠሪዎችም እንዲህ ያለ የተሰመረ ቅጽ አላቸው፤ ፍሬምወርክ ይሉታል። ሁሉን ነገር ከባዶ ከመጻፍ ይልቅ በዚያ ውስጥ የራሳቸውን ይሞላሉ። እንግዲህ አንድ ሰው ሦስት መቶ ዕቅድ በአንድ ቅጽ ከሞላ በኋላ «ከዛሬ ጀምሮ ቅጹ ተለውጧል፤ የድሮዎቹ ዓምዶች በአዲሱ የሉም» ቢባል ምን እንደሚል፣ ለማስተማር ልምምድ የወጣ ሁሉ ይገባዋል።

እኔ በዚያ ቅጽ የሠራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በእኛ ሠፈር ትምህርት ቤት አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር አሉ። ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር የ62 ተማሪዎችን ውጤት ደምረው፣ አማካይ አውጥተው፣ ደረጃ ሰጥተው ሮስተሩን እስኪያስረክቡ ሁለት ሦስት ሌሊት ያመሻሉ። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ የብዙ ልጆች ደረጃ ይፋለሳል፤ ወላጅ ይመጣል፤ ጭቅጭቅ ነው። ውጤቱ ሲሞላ ድምሩን፣ አማካዩንና ደረጃውን ወዲያውኑ የሚያወጣ ገጽ ሠራሁላቸው። መምህሩ መጀመሪያ አላመኑኝም፤ የራሳቸውን ካልኩሌተር ይዘው ጎን ለጎን አስኬዱት። ሁለት ቦታ ተለያየ። ደግመው ሲደምሩ የሳተው የእርሳቸው ጣት ሆኖ ተገኘ። «በል ተባረክ» አሉኝ። ያን ቀን ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ እንዴት እንደ ሄድሁት አላስታውስም።

ወሬው ተሰማና ሦስት የጎረቤት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ አስተምረን አሉኝ። እኔም ደስ እያለኝ ያው የማውቀውን አስተማርኋቸው። ከሦስቱ አንዷ፣ ያኔ ሰባተኛ ክፍል የነበረች ልጅ፣ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ነበረች። እኔ አንድ ጊዜ ያሳየኋትን በሚቀጥለው ቅዳሜ በሌላ መንገድ ሠርታው ትመጣለች። ልክ ልናገርና፣ ወደዚህ ሙያ እንድገባ ከገፋፉኝ ነገሮች አንዱ የዚያች ልጅ ዓይን ነው፤ ነገር ሲገባት የሚያበራው።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ይህችው ልጅ ከተማ ውስጥ ለተማሪዎች የተዘጋጀ አጭር የኮምፒዩተር ሥልጠና ገባች። በሁለተኛው ሳምንት ቤታችን መጣችና በር ላይ እንደ ቆመች፣

«ጋሼ፣ ያስተማርኸኝ ነገር የተቀበረ ነው አሉኝ። እውነት ነው?» አለችኝ።

«ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?»

«አሠልጣኙ። ልጆቹም ሣቁብኝ።»

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «አሮጌው ነው ጠንካራው። አዲሱ የፋሽን ነገር ነው፤ ዝም ብለሽ በያዝሽው ቀጥይ» አልኋት። ውድ አንባብያን፣ ዋሸሁ ማለት ነው። አዲሱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። አዲስ መኖሩንም ቢሆን ከወሬ ባለፈ አላውቅም ነበር። ልጅቷ «እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም፤ በዚያኛውም።

በተቋማችን የኮምፒዩተር ክፍል ተራ እየያዝሁ ነገሩን መፈለግ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የፈለግሁት አሠልጣኙን የምረታበት ማስረጃ ነበር። ያገኘሁት ግን እኔን ራሴን ነው ማለት ይቻላል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከእኔ አሥር ዓመት ቀድመው እንደ እኔ ተናድደው አገኘኋቸው።

ታሪኩ ባጭሩ ይኸውላችሁ። አንጉላር ጄኤስን በ2009 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሚሽኮ ሄቨሪ የሚባል ፕሮግራመር ነው። ጎግል ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር በስድስት ወር የጻፉትን 17 ሺህ መስመር ያህል ፕሮግራም እንደ አዲስ በራሱ ቅጽ ልጻፈው ብሎ ተወራረደ፤ በሁለት ሳምንት ያለውን በሦስት ሳምንት ጨረሰው፤ መስመሩም ወደ 1,500 ወረደ። ውርርዱን ቢረታም ኩባንያው ሥራውን ወደደለት። በ2012 የመጀመሪያው የተሟላ እትም ወጣ፤ በጥቂት ዓመታትም በዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌለው ድርጅት ሥራውን በዚህ ቅጽ ላይ ገነባ።

ከዚያ በኦክቶበር 2014 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ ሠሪዎቹ መድረክ ወጡና ሁለተኛው እትም የመጀመሪያው እድሳት ሳይሆን ከመሠረቱ አዲስ ሥራ መሆኑን ተናገሩ። ስኮፕ፣ ኮንትሮለር የሚባሉትን፣ ማለትም እኔ ለነዚያ ልጆች በመጀመሪያው ቅዳሜ ያስተማርኋቸውን ዋና ዋና ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸውን በመቃብር ድንጋይ ሥዕል ላይ ጽፈው አሳዩ። ለቀልድ ይመስለኛል። አዳራሹ ውስጥ ላለ ሰው ምናልባት ያስቅ ይሆናል። ሥራውን በዚያ ላይ ለገነባ ሰው ግን የገዛ ቤቱ መርዶ ነው። የድሮው ሥራ ወደ አዲሱ በምን እንደሚሻገርም በዚያ ቀን የተዘጋጀ መልስ አልነበረም።

ጩኸቱ ቀለጠ። አንዳንዱ «ትናንት የጀመርሁትን ሥራ ለአለቃዬ ምን ብዬ ላስረዳው?» አለ። አንዳንዱ ተማሪ ነበረ፤ «ገና ተምሬ ሳልጨርስ» አለ። ብዙዎች ዕቃቸውን ሰብስበው ሪአክት ወደሚባለው፣ ፌስቡክ በ2013 ወዳወጣው ሌላ መሣሪያ ሄዱ። «እናንተ ሰነፎች፣ ለውጥ የምትጠሉ» ብለው የተናደዱትን የሚሳደቡም ነበሩ፤ እነዚህ ሁልጊዜ አይጠፉም። ዝም ብለው በአሮጌው ሥራቸውን የቀጠሉትም ብዙ ናቸው፤ እነርሱ ግን ስለማይጮኹ አይታዩም።

የሠሪዎቹን ምክንያት ሳነብ ደግሞ መናደዴ ቀዘቀዘ። የመጀመሪያው አንጉላር አንድ ቁጥር በተለወጠ ቁጥር የሚጠብቃቸውን ነገሮች ሁሉ እንደገና ይፈትሻል። ይህ ምን ማለት ነው? አንድ አርፋጅ ተማሪ በገባ ቁጥር መምህሩ ስም መጥራቱን ከአንደኛው ተማሪ እንደሚጀምር ቁጠሩት። ክፍሉ ውስጥ 30 ልጅ ካለ ችግር የለውም። 2,000 ቢሆንስ? ትምህርት ቀረ። ያውም በደካማ የእጅ ስልክ ላይ። የጃቫስክሪፕት ቋንቋም ራሱ በ2015 በእጅጉ ታድሶ ነበር። ስለዚህ ጠጋኝ ለጥፎ መቀጠል ያስቸግር ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ደግሞም የኋላ ኋላ ድልድይ ሠርተዋል። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን እንዲሠሩ፣ ባለቤቱም ክፍል በክፍል እንዲያሻግር የሚያስችል መንገድ አወጡ። አዲሱ በሴፕቴምበር 2016 ወጣ። (በማርች 2017 ከሁለት በቀጥታ ወደ አራት ዘለሉ፤ ሦስት የት ገባ ተብሎ እንደገና ተቀለደባቸው። አንዱ ክፍሉ ቀድሞ ሦስት ላይ ደርሶ ስለ ነበር ቁጥሩን ለማስተካከል ኖሯል።) አሮጌው ድጋፉ የተቋረጠው በዲሴምበር 31 ቀን 2021 ነው፤ በኮሮና ምክንያት ስድስት ወር ተጨምሮለት። ከመርዶው እስከ መቃብሩ ሰባት ዓመት ተሰጥቷል ማለት ነው። ይህ ትንሽ አይደለም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የመቃብር ድንጋዩ ቀድሞ ድልድዩ ኋላ መምጣቱ ነው። በአንድ ቀን አብረው ቢነገሩ ኖሮ ጩኸቱ ግማሹም የሚሆን አይመስለኝም።

ቀኑን ስቆጥር ደግሞ በራሴ ሣቅሁ። ድጋፉ የተቋረጠበት ዲሴምበር 2021 በእኛ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። እኔ ፍላሹን የተቀበልሁት በዚያው ዓመት ነው! ለካ ገና አንደኛ ምዕራፍ ላይ ሳለሁ ተዝካሩ ወጥቷል።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልዋጥልህ አለኝ፤ ከጮኹት ሰዎች መካከልም ያነሣው አላጋጠመኝም። አሮጌው አንጉላር አንድ ፋይል ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል፤ ገጹ ላይ በአንድ መስመር ይጠራል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አዲሱ ግን ታይፕስክሪፕት የሚባል ሌላ ቋንቋ ይፈልጋል። ለመጀመርም ከኢንተርኔት በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ማውረድ ይጠይቃል። ፓሪስ ላይ ለተቀመጠ ሰው ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ ነገር ነው። ሰባታሚት ላይ ግን የካርድ ሒሳብ ነው፤ መብራቱም እስኪያልቅ ቢጠብቅ ነው። ስለዚህ እኔ ዘንድ የተለወጠው ዓምዱ ብቻ አልነበረም፤ መግቢያው በር ራሱ ጠበበ። ለልጅቷ «አሮጌው ይሻላል» ያልኋት በእብሪት ነው፤ እብሪቱን ብወስድለት ግን ከሥሩ ይህች ጥቂት እውነት ነበረች። ያኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ አልቆጥረውም።

ሌላም ታሪክ አገኘሁ። ቪው የሚባል ፍሬምወርክ አለ፤ ኢቫን ዩ የሚባል ቀድሞ ጎግል ውስጥ የሠራ ሰው በ2014 ያወጣው። እርሱና ባልደረቦቹ በ2019 አዲስ የአጻጻፍ ሥርዓት ረቂቅ ለሕዝብ አቀረቡ፤ ማለትም ሳይሠሩት በፊት ሐሳብ ጠየቁ። እንዲያም ሆኖ ተመሳሳይ ጩኸት ተነሣ፤ ሰው የለመደው አጻጻፍ ሊጣልበት ነው ብሎ ፈራ። ሠሪዎቹ አዲሱ ተጨማሪ እንጂ የአሮጌው ምትክ እንዳልሆነ በግልጽ ጻፉ። ሦስተኛው እትም በ2020 ሲወጣ የድሮውም አጻጻፍ አብሮ ነበረ። ሌሎች የተሰበሩ ነገሮች ስለ ነበሩ ከሁለት ወደ ሦስት መሻገሩ ቀላል አልሆነም፤ የሁለተኛው ድጋፍ ያበቃው በ2023 መጨረሻ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ቪው ዛሬም እንደ ድሮው አንጉላር በአንድ ፋይል ሊጀመር ይችላል።

ይህ የሩቅ አገር ጭቅጭቅ የሚመስለው ሰው ካለ ባሕር ዳር ካሉት ጽሕፈት ቤቶች አንዱ ይግባ። እኔ ማመልከቻ ላስጽፍ ገብቼ አንዲት እድሜያቸው የገፋ ጸሐፊ አገኘሁ። አንድ ባለ ጉዳይ በፍላሽ ያመጣው የቆየ ውል ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆኖ መጣ። «ይኼ በድሮው ነው የተጻፈው፤ ፎንቱን ካልጫንሁ አይነበብም» አሉት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዱሮ የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር የራሱ ቦታ ስላልነበረው እነ ፓወር ግዕዝ፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝ እያንዳንዳቸው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በየራሳቸው ሥርዓት ያስቀምጡት ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ። በ2007 ለገበያ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የሚባለውን ፊደልና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ። ዛሬ በስልካችን አማርኛ የምንጻጻፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለውጡ ትክክል ነበር፤ ማንም አይከራከርም።

«ታዲያ እትዬ፣ ለምን ሁሉን በአዲሱ አይጽፉም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ጣቴ የሚያውቀው ያንን ነው። ደግሞስ የሃያ ዓመት ደብዳቤ ማን ይገለብጥልኛል? አንተ ትገለብጣለህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኚህን ሴት ሰነፍ የሚል ሰው በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚጽፉ ቆሞ ይይ።

እኛም ብንሆን፣ በአብዛኛው በአሮጌው መጽሐፍ ተምረን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለውን አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ልናስተምር ነው የምንወጣው። ስለዚህ ነገር ብዙ አልልም፤ ከእኔ ይልቅ መምህሮቻችን ያውቃሉ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። አንድ እሑድ ቤታቸው ሄድሁ። እናቷ ቡና ሊያፈሉ ሲነሡ እርሷ ደጅ ላይ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ስሄድ በመንገድ ያጠናሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። «ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ። አሠልጣኙ እውነቱን ነው» አልኋት።

ቀና ሳትል «እኔማ አውቄ ነበር» አለችኝ። «መልስህ ፈጠነ። የምታውቀውን ስትመልስ ትንሽ ትቆያለህ።»

ከዚያ የሮስተሩን ገጽ በቪው እንደ አዲስ ለመጻፍ ተስማማን። ፋይሉን ከተቋሙ በፍላሽ ይዤላት መጣሁ። አራት ቅዳሜ ፈጀብን። እርሷ ትጽፋለች፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የድሮውን አነብላታለሁ። ስኮፕም ኮንትሮለርም ቀሩ። ድምር፣ አማካይና ደረጃ የሚያወጣው ሒሳብ ግን እንዳለ ተሻገረ፤ እርሱ የአንጉላር አልነበረምና። እርሱን ስትገለብጥ ነው እጇን ያቆመችው።

«ጋሼ፣ ሁለት ልጆች እኩል ሦስተኛ ቢወጡ ቀጣዩ ስንተኛ ነው?»

«አምስተኛ።»

«ያንተ አራተኛ ነው የሚለው።»

አየሁት። ልክ ናት። ያ ስሕተት እዚያ ሲኖር ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ ከካልኩሌተር ጋር ስናስተያይ በዚያ ክፍል እኩል የወጣ ልጅ ስላልነበረ አልታየም። እኔም፣ መምህሩም፣ ወላጅም አላየንም። ስለ አሮጌው ጥንካሬ የተናገርሁት ሁሉ ትዝ አለኝና ጆሮዬ ጋለ።

በማግሥቱ ሁለታችንም ወደ መምህሩ ሄድን። አስቀድሜ ስሕተቱን ነገርኋቸው። ምንም አልተናገሩም፤ ከመደርደሪያው የቆዩትን ሮስተሮች አውርደው የደረጃውን ዓምድ በጣታቸው እየተከተሉ ማየት ጀመሩ። ሁለት ቦታ ላይ እርሳስ አኖሩ። ከዚያ አዲሱን ገጽ ከፈትንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ አዩና፣

«የማስቀመጫው ቁልፍ የት ሄደ? እዚህ ጋ ነበረ እኮ» አሉ።

«ወደ ላይ አድርጌዋለሁ፤ እንዲታይ» አለች ልጅቷ።

«እኔ ሲታየኝ የነበረው እዚህ ጋ ነው።»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔም ወደ መሬት። ቁልፉን ወደ ድሮው ቦታ መለሰችላቸው፤ እኔም የአሮጌውን ስሕተት በአንድ መስመር አረምሁ። መምህሩ ሁለቱንም ኮምፒዩተራቸው ላይ አስቀሩና «ይህን ሴሚስተር በሁለቱም እሞላለሁ። ከተስማሙ አሮጌውን አንተ ራስህ መጥተህ ታጠፋዋለህ፤ እኔ አልነካውም» አሉኝ።